ፉርሽካው ለላም፣ ነጩ ለእኛ፦ «ፋይበር የፈረንጅ ተረት ነው» ላሉት ጸሐፊ

ቅዳሜ ማታ አክስቴ በቴሌግራም አንድ ረጅም ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ? እኔ እኮ ድፍን ምስር ልገዛ ነበር» ብላ ጽፋለች። ድፍን ምስር ከመግዛት የሚያስቆም ጽሑፍ ምን ይሆን ብዬ ከፈትኩት። ርእሱ «ፋይበር የፈረንጅ ተረት ነው» ይላል፤ ፋይበር (አሰርም ቃጫም የሚሉት አሉ) በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለው የማይፈጨው ክፍል ነው። ስድስት ነጥብ አለው። ሲጠቃለል፦ ፋይበር የማይፈጭ ገለባ ነው፣ ካንሰር ይከላከላል የተባለው በጥናት ውድቅ ሆኗል፣ ድርቀትን ያባብሳል፣ ብረትና ዚንክ ይሰርቃል፣ እኛ ሐበሾች እንጀራ ስለምንበላ ጉዳዩ አይመለከተንም፣ ቆሎና ፈንዲሻ ደግሞ አንጀት ያቆስላሉ። መጨረሻ ላይ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ብሉ ይላሉ። «የግድ ካስፈለገ» ደግሞ የፋይበር ዱቄት ከፋርማሲ ግዙ ይላሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አማርኛቸው ይጥማል፤ ችግሩም እሱ ነው። ግማሽ እውነት በጣፋጭ አማርኛ ሲቀርብ ሳይላመጥ ይዋጣል። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ ሆዴን ያመመኝና ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

ከገለባው ልጀምር። ጨጓራም ትንሹ አንጀትም ፋይበርን አይፈጩትም፣ ስለዚህ ጥቅም የለውም ነው የሚሉት። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፣ አንፈጨውም። ግን ሆዳችን ውስጥ ብቻችንን አይደለንም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ተቆጥረው የማያልቁ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እኛ ያቃተንን እነሱ ይበሉታል። በልተውም ኪራይ ይከፍላሉ። አጫጭር የስብ አሲዶች ያመርታሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ቡቲሬት ይባላል። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው። «የማይፈጭ» የተባለው ፋይበር በአማካይ በግራም 2 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል ተብሎ የሚሰላውም ለዚህ ነው። እና ገለባ ያሉት ነገር የአንጀትዎ ቁርስ ነው።

ሌላ ያለፉት ነገር አለ። ፋይበር አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ማመን ካቃታችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ፣ በሌላው አንድ ማንኪያ ፉርሽካ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ተልባው ውኃውን ያወፍረዋል፤ በማንኪያ ስታነሱት እንደ እንቁላል ነጭ ይጎተታል። ፉርሽካው ያብጣል እንጂ አይሟሟም፤ ታች ይዘቅጣል።

ሁለቱም ሆድ ውስጥ የሚሠሩት ብርጭቆው ውስጥ የሠሩትን ነው። የተልባው ዓይነት በአጃ፣ በገብስና በጥራጥሬም ውስጥ አለ፤ የበላነውን ስለሚያወፍረው ስኳር ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ሐሞትንም ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል፤ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የአጃ ምርቶች ማሸጊያ ላይ ለልብ ይጠቅማል ብሎ መጻፍን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ መለኪያው ቤታ ግሉካን የተባለው ፋይበር በቀን 3 ግራም ነው። ይኼው ቤታ ግሉካን በገብስ ውስጥም አለ። በሶ እያንቋሸሽን የታሸገ አጃ በውድ የምንገዛ ሰዎች ነን ብቻ! የፉርሽካው ዓይነት ደግሞ ውኃ ይዞ ሰገራውን ያበዛል፣ ቶሎ እንዲሄድም ይገፋል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ላይ ሳቅ አስመጥተውልኛል። «አንድ ነጭ አፍሪካ መጥቶ ሰገራ መዘነ፣ ከዚያ ዓለምን አሳሳተ» ይላሉ። መመዘኑስ እውነት ነው። ሰውየው ዴኒስ በርኪት ይባላል፤ ካምፓላ፣ ዩጋንዳ ውስጥ ለዓመታት የሠራ የአየርላንድ ተወላጅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በስሙ የሚጠራ የሕፃናት ካንሰር ሁሉ አለ። ከአገሩ ሰዎች የሚያውቃቸው በሽታዎች፣ የአንጀት ካንሰር፣ ኪንታሮት፣ ትርፍ አንጀት፣ በአፍሪካ ገጠር ብዙ እንደማይታዩ አስተዋለ። ለምን ብሎ ጠየቀና ከባልደረቦቹ ጋር ምግቡ በሆድ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ስንት ግራም ሆኖ እንደሚወጣ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው ውጤት ላይ የዩጋንዳ መንደርተኞች በቀን ከ400 ግራም በላይ፣ እንግሊዞቹ 100 ግራም ገደማ ነበሩ። መንደርተኞቹ ጋ ምግቡ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜም ከግማሽ በታች ነበር። ይኼ ለቡና ላይ ወሬ አይመችም፤ ግን ተረት አይደለም፣ ሚዛን ነው።

እዚህ ጋ ለጸሐፊው ልክ የሆነውን ልስጣቸው። በርኪት ሁሉን ነገር በፋይበር ማስረዳት ይወድ ነበር፤ ዩጋንዳ ገጠርና እንግሊዝ ደግሞ የሚለያዩት በፋይበር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ፋይበር በጨመሩ ሰዎች ላይ የአንጀት ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚወጣ፣ አንዳንዴ ወደ ካንሰር የሚቀየር ትንሽ እብጠት) ተመልሶ መምጣቱ አልቀነሰም ብለው አሳትመዋል። ይኼንን ጠቅሰዋል፣ ልክ ናቸው። ግን ሙከራዎቹ የቆዩት ጥቂት ዓመታት ነው፣ የለኩትም ፖሊፕን እንጂ ካንሰርን አይደለም፤ ካንሰሩ ለመምጣት ረጅም ዓመታት ይፈጃል። ከ2000 ወዲህም ሳይንሱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ጸሐፊው ግን እዚያው ቆመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመውን ብቻ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ደስ የሚል ሙከራ ነው። ከፒትስበርግ 20 ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከደቡብ አፍሪካ ገጠር 20 ሰዎች ተመረጡ። ለሁለት ሳምንት ምግብ ተቀያየሩ። አሜሪካውያኑ የደቡብ አፍሪካውን ባቄላና በቆሎ፣ ደቡብ አፍሪካውያኑ የአሜሪካውን ሥጋና ጥብሳ ጥብስ በሉ። የአሜሪካውያኑ ፋይበር ከ14 ግራም ወደ 55 ወጣ፣ የደቡብ አፍሪካውያኑ ከ66 ወደ 12 ወረደ። በሁለት ሳምንት ብቻ የአሜሪካውያኑ ቡቲሬት በሁለት እጥፍ ተኩል አደገ፣ የደቡብ አፍሪካውያኑ በግማሽ ቀነሰ። በአንጀት ግድግዳቸው ላይ የታየው ብግነትም በተመሳሳይ አቅጣጫ ተለዋወጠ። እርግጥ ስብና ሥጋውም አብሮ ስለተቀየረ ሁሉንም ለፋይበር መስጠት አይቻልም። ሁለት ሳምንት ካንሰር አያመጣም፣ አያድንምም። ግን «ምንም አይሠራም» ከሚለው ጋር እንዴት አብሮ ይሄዳል?

ከዚያ ትልቁ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራውና በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ግምገማ 185 የረጅም ጊዜ ክትትል ጥናቶችንና 58 ሙከራዎችን አንድ ላይ አየ። ብዙ ፋይበር የሚበሉት ጥቂት ከሚበሉት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ በሽታ፣ በስትሮክ፣ በዓይነት ሁለት ስኳርና በአንጀት ካንሰር የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥሩው መጠን በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም ነው አሉ። ፋይበር የሚበላ ሰው በእግሩም ይሄዳል፣ ሲጋራም አያጨስም፣ ምናልባት ጥቅሙ ከዚያ ይሆናል ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙከራዎቹ አብረው የታዩት ለዚህ ነው፤ እነሱም ላይ ክብደት፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ቀንሰው ተገኙ።

«ድርቀት ያለበት ሰው ፋይበር ሲያቆም ይሻለዋል።» ሦስተኛው ይኼ ነው፣ ከሁሉም በላይ ያከራክረኛል ያልኩትም ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ራሴ ላይ ደርሶብኛል።

መጀመሪያ ማስረጃቸው። በ2012 የታተመ የሲንጋፖር ጥናት ነው፣ ይኖራል። ምክንያቱ ያልታወቀ ድርቀት ያለባቸው 63 ሰዎች ፋይበር እንዲያቆሙ ተደረገና ያቆሙት ተሻላቸው። ግን 63 ሰው ነው። በዕጣ የተመደበ ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም። ተሳታፊዎቹም ምን እያደረጉ እንደሆነ ያውቃሉ። ጸሐፊው የ185 ጥናቶችን ድምር «የተጋነነ» ብለው በአንድ ቃል አልፈው የ63 ሰውን ጥናት ሁለት አንቀጽ ሲሰጡት ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ታዩታላችሁ።

ያም ሆኖ ያ ጥናት ውስጥ እውነት አለ። አንጀቱ በራሱ ችግር ቀስ ብሎ ለሚሠራ ሰው፣ ወይም መውጫው ላይ ችግር ላለበት ሰው፣ ፋይበር መጨመር የተዘጋጋ መንገድ ላይ መኪና እንደመጨመር ነው። በለስ የሚበላ አካባቢ ያደገም ይኼን ያውቃል፤ ፍሬው ከነዘሩ በብዛት ሲበላ ዘሩ ተጠቅጥቆ ሰው ሐኪም ቤት ያደርሳል። ስለዚህ «ፋይበር ለሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ በማንኛውም መጠን» የሚል ካለ እኔም ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የኔን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ይኼንን ሁሉ አነበብኩና ሰኞ ጀመርኩ። ጠዋት ቂንጬ፣ ላዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ተልባ። ምሳ የባቄላ ንፍሮ። ማታ ድፍን ምስር ከጎመን ጋር። ውኃ? ያው በቀን ሁለት ማኪያቶ። ረቡዕ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ድምፅ ሲመጣብኝ ወንበሬን እጎትታለሁ፣ ወረቀት አንኮሻኩሻለሁ፣ አንዴ እንዲያውም ያለምንም ምክንያት አጨብጭቤያለሁ። ሐሙስ ደግሞ ጭራሽ ደረቅሁ። ያን ጊዜ ይኼ ጽሑፍ ቢደርሰኝ አቅፌ እስመው ነበር።

ጥፋቱ ግን የተልባው አልነበረም። ባክቴሪያዎቹ የለመዱት ፓስታ ነው፤ ድንገት ድግስ ሲመጣላቸው ጋዙም በድግሱ ልክ ሆነ። ፋይበሩም ሰገራውን የሚያለሰልሰው ውኃ ሲይዝ ነው፤ እኔ ማኪያቶ ነው የሰጠሁት። ተውኩትና ከሳምንት በኋላ በአንድ ማንኪያ ተልባ ብቻ ጀመርኩ። ሌላ ነገር ለመጨመር አንድ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ጥራጥሬውን ዘፍዝፌ አሳድሬ ውኃውን ደፋሁት። ውኃ መጠጣት ተማርኩ። አሁን ስብሰባ ላይ ጸጥ ያልኩ ሰው ነኝ።

ብረትና ዚንኩን ቶሎ ልለፈው። በእህልና በጥራጥሬ ልጣጭ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፣ ብረትና ዚንክ ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን እናቶቻችን ይኼን ችግር በእርሾ ሲፈቱት ኖረዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። መዘፍዘፍም፣ ማብቀልም ይቀንሰዋል፤ በቆልት እኮ ሌላ አይደለም። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ፣ ከጎኑ ጥሬ ቃሪያ ወይም የቲማቲም ሰላጣ ካለ ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ብረት የሚያሳስበን ከሆነ ይልቅ ምግቡ ከአፋችን ሳይወርድ የምንጠጣውን ቡናና ሻይ ሰዓት እንዲያልፍ ብናደርግ ይሻላል። ጸሐፊው ስለ ቡና ትንፍሽ አላሉም። ገባኝ፣ ቡና ላይ ማን ደፍሮ ይናገራል።

አምስተኛው ላይ ቆም እንበል። «እኛ ሐበሾች እንጀራ በሊታ ነን፣ ፋይበር ሞልቶናል፣ የፈረንጅ ችግር ነው።» ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በአንደኛው ነጥብ ገለባ ነው ተባልን፣ በአምስተኛው ደግሞ ተመስገን ሞልቶናል ተባልን። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

ለገጠሩ፣ ለጿሚው፣ ቆሎና ንፍሮ ለሚበላው ሰው ነገሩ ብዙም ሐሰት አይደለም። ጤፍ ከማነሱ የተነሳ ልጣጩን ለይቶ ማውጣት አይመችም፤ ነጭም ሆነ ቀይ ከነልጣጩ ነው የሚፈጨው። ከ100 ግራም 8 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው። ግን የአዲስ አበባን ሰው ሳህን እንይ። የኔን፣ ያኔ ሳልነቃ በፊት የነበረውን። ቁርስ ሁለት ዳቦ በሻይ፦ 3 ግራም ቢሞላ ነው። ምሳ መኮረኒ፦ 5 ግራም ይሁን። አሥር ሰዓት ላይ ኬክ በማኪያቶ፦ 1 ግራም ከተገኘ ጎሽ። ማታ እንጀራ በእንቁላል ፍርፍር። እንጀራውም ሩዝ የተቀላቀለበት፣ ምክንያቱም የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ 4 ግራም በሉት። ተደምሮ 13። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለአዋቂ ያስቀመጠው ቢያንስ 25 ነው። ለልጆችም አለው፦ ከ2 እስከ 5 ዓመት 15፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት 21፣ ከ10 ዓመት በላይ 25። ምሳ ዕቃ ውስጥ ዳቦ በማርማላታ ይዞ የሚሄደው ልጅ ከየት ያመጣዋል?

አሁን ደግሞ የጾም ሳህን። ግማሽ ስኒ የበሰለ ድፍን ምስር 7 ወይም 8 ግራም አለው። ትንሽ የተቀቀለ ጎመን 3 ወይም 4። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከሥሩ፣ ሲጨርሱ ግማሽ አቮካዶ (6 ወይም 7)። በአንድ ማዕድ ሃያን አለፍን። አንዱም ከፋርማሲ አልመጣም። ልብ በሉ፣ ክክ ሲሆን ልጣጩ ስለሄደ ከድፍኑ ያንሳል፤ ቢሆንም ከመኮረኒ ጋር አይወዳደርም። እና ጾሙ ሲፈታ ለምን ሆዳችን እንደሚታሰር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ለሁለት ወር ምስርና ሽሮ የለመደ አንጀት ላይ በአንድ ቀን ዶሮ፣ ቅቤ፣ ክትፎና ድፎ ዳቦ እናወርድበታለን።

ሰፈራችን መኖ የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ ከጎኑ ዳቦ ቤት። መኖ ቤቱ በር ላይ ፋጉሎና ፉርሽካ በማዳበሪያ ተደርድሯል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ደግሞ የፉርኖ ዱቄት ይወርዳል። አንድ ቀን ዳቦ ተሰልፌ ሁለቱን ማዳበሪያዎች ሳይ ቆየሁ። የአንድ ስንዴ ልጆች ናቸው እኮ። ሙሉው ስንዴ ከ100 ግራም 11 ወይም 12 ግራም ፋይበር አለው፤ ተነፍቶ ፉርኖ ሲሆን ወደ 3 ይወርዳል። የቀረው፣ ከነብረቱና ከነቢ ቫይታሚኑ፣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ለላም ይሸጣል። ላሟ ተመችቷታል። እኛ ነጩን ይዘን ገባን፣ ከዚያ «የግድ ካስፈለገ» ፋርማሲ ሄደን የታሸገ ፋይበር እንገዛለን ማለት ነው። (ተነስታችሁ የመኖውን ፉርሽካ አትብሉ ደግሞ፤ ለሰው ተብሎ አልተያዘም። ስንዴውን አስፈጭታችሁ አትንፉት፣ አለቀ። ነጭ የለመደ ቤት ግማሽ ለግማሽ ይቀላቅል።)

ቆሎና ፈንዲሻ አንጀት ያቆስላሉ፣ በተለይ አንጀታቸው ላይ ኪስ ያበጀባቸው ሰዎች እንዳይነኩ የሚለውን ድሮ ሐኪሞችም ይሉት ነበር፣ ከራሳቸው አላመጡትም። ግን በ2008 ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ፈንዲሻና ለውዝ የሚበሉት ላይ የኪሶቹ መቆጣትም መድማትም አልበዛም አለ፤ እንዲያውም መቆጣቱ ቀንሶ ነው የታየው። ጥርስ ይሰብራል ቢሉ ኖሮ ዝም እል ነበር።

የፋርማሲው ዱቄት ላይ ጠብ የለኝም። ለድርቀትም ለኮሌስትሮልም የሚሠራ አለ፤ ሐኪም ካዘዘ በብዙ ውኃ ይወሰዳል። ሥጋና ቅቤም አልጠላሁም፣ ማን ጠልቶ። ግን በሥጋ፣ በቅቤና በእንቁላል ውስጥ ያለው ፋይበር ዜሮ ነው።

ጸሐፊው ሊጽፉት ሲገባ የተዉት ደግሞ ይኼ ነው። አንጀቱ ጠቦ ወይም ተዘግቶ የሚያውቅ፣ በቅርቡ ሆዱን የተቀደደ፣ የአንጀት ቁስለት የተነሳበት ሰው ፋይበር ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የኩላሊት ሕመምተኛም እንዲሁ፣ ጥራጥሬና አትክልት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊከብደው ይችላል። የእንቅርት ሆርሞን ክኒን የሚወስድ ሰው ከፋይበር ዱቄት ጋር አንድ ላይ አይዋጠው፣ ሰዓት ያራርቀው። ሰገራ ላይ ደም ያየ፣ ያለምክንያት የከሳ፣ አወጣጡ በድንገት የተቀየረበት ሰው ደግሞ ተልባ አይበጥብጥ፣ ይመርመር።

ለአክስቴ ይኼን ሁሉ በድምፅ ላክሁላት። አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ሰምታ ሲያበቃ «አንተ ልጅ፣ በአጭሩ ምስሩን ልግዛ አልግዛ?» አለችኝ።

ግዢ አልኳት። መጀመሪያ ሳምንት ግን ግማሽ ጭልፋ።